የስፌት መኪና ስንገዛ ለየትኛው ቤት ነው?

ሪያድ ከተማ በሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች በዕረፍት ቀን ስንገናኝ፣ ወይም ማታ ሥራ ጨርሰን በስልክ ስንጫወት፣ ዞሮ ዞሮ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። “አገር ስትገቢ ምን ይዘሽ ትገቢያለሽ?” የሚለው ነው። ቀድሞ መልሱ ወርቅ ወይም ቴሌቪዥን ነበር። አሁን አሁን በዙሪያችን “የስፌት መኪና” የሚሉ እህቶች እየበዙ መጥተዋል። ነገሩ ይገባናል፤ ወርቅ ተሽጦ ያልቃል፣ መኪና ግን ሠርቶ ያበላል።

እንግዲህ ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው መኪና የሚለው ነው። በተለይም ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥማ የአልጋ ልብስና ብርድ ልብስ ለመሥራት ለምታስብ እህት የቱን እንምረጥላት? እኛ የምንወደውን ሳንሸፋፍን እንናገራለን። የምንወደው ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የሚሰፋውን፣ አካሉ ብረት የሆነውን፣ በእግር የሚረገጠውን ወይም በእጅ የሚዘወረውን የድሮ ዓይነት መኪና ነው። በባትሃ ሱቆች መስታወት ውስጥ የሚያንጸባርቀውን፣ ሠላሳ ዓይነት የጌጥ ስፌት እሰፋለሁ የሚለውን ነጭ ፕላስቲክ አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ ይህን ስታነቡ ትስቁ ይሆናል። “ከአገር የወጣነው ከድህነት ለመላቀቅ ነው፤ እናንተ ደግሞ ወደ ድሪቶና ወደ እግር መኪና ትመልሱናላችሁ?” የምትል እህት እንደማትጠፋ እናውቃለን። ስለዚህ በመጀመሪያ ስለ ድሪቶ ጥቂት እንበል።

ድሪቶ በቋንቋችን አንገት የሚያስደፋ ቃል ነው። እራፊ በእራፊ ላይ ተጥፎበት የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደሆነ የማይታወቅ ልብስ ማለት ነው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ለብሰነዋል፣ ሰው ሲመጣም ከአልጋው ላይ አንስተን ደብቀነዋል። ይሁን እንጂ እናቶቻችን ያንን ሲጥፉ ዝም ብለው አልነበረም። ጠንካራውን ጨርቅ ከሳሳው ለይተው፣ የሚያረጀው ወገን ላይ ወፍራሙን አድርገው፣ ክሩንም ከሌላ ልብስ ተርትረው ነበር የሚሠሩት። ያሳፈረን ድህነቱ እንጂ እጃቸው አልነበረም።

በዚሁ በሪያድ አብረውን የሚሠሩ የባንግላዴሽ ሴቶች ይህን ሥራ በኩራት ይይዙታል። ያረጀ ሳሪ ደራርበው፣ መርፌውን ወጣ ገባ እያደረጉ በእጃቸው ይሰፉታል፤ ስሙን ካንታ ይሉታል። ሩቅ አገር ደግሞ በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። እዚያ ያሉ ጥቁር ሴቶች የባሪያ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ ከጥጥ እርሻ የተረፈውን የሥራ ልብስ እየቆራረጡ ለልጆቻቸው የብርድ መከላከያ ይሰፉ ነበር። ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለችው ከእነርሱ አንዷ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሶቹን ቆራርጣ ድሪቶ ሰፋች፤ እርሱን እያስታወሰች ልትለብሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የዚያ መንደር ድሪቶዎች በሂውስተን ታላቅ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፣ ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ተወሰዱ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት በቴምብር ላይ አተማቸው። ከሰው ቤት የተጣለ አንሶላና የሕፃን ቀሚስ በእጃችን የሚገባ እኛ ይህን ታሪክ ብናውቀው ምንም አይጎዳንም።

ስለ ጨርቁ ከተነሳ አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። ማዳም የጣለችው ጨርቅ ቢሆንም ሳትጠይቁ አታንሱ። “ይህን ልውሰደው?” ብላችሁ ጠይቁ፤ ከቻላችሁም ሌላ የቤት ሰው እየሰማ ጠይቁ። አንድ አሮጌ መጋረጃ ሻንጣ ውስጥ ተገኝቶ ሌብነት የተባለባት እህት እናውቃለን።

ወደ መኪናው እንመለስ። ቁርጥራጭ መገጣጠም ከመኪና የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ግን የሚጠይቀውን አንድ ነገር ሳያዛንፍ እንዲሠራ ይፈልጋል። ይኸውም ከጨርቁ ጠርዝ ስድስት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ቀጥ ብሎ መስፋት ነው። ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል አትበሉ። አሥር ቁራጭ በአንድ መስመር ስንገጣጥም ዘጠኝ ስፌት አለ። እያንዳንዱ ስፌት አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባብን ከሁለቱም ጨርቅ አንድ አንድ ይበላል፤ በአንድ ስፌት ሁለት፣ በዘጠኙ አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር ይጠፋል። ይህ መስመር በትክክል ከተሰፋው ከሚቀጥለው መስመር ጋር ሲገናኝ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ያጥራል ማለት ነው። ማዕዘኖቹ አይገናኙም፣ ጨርቁም ይጨማደዳል። ብዙ ጀማሪ “እጄ አይረባም” ብላ የምትተወው እዚህ ላይ ነው።

የድሮው ብረት መኪና እዚህ ላይ ነው የሚበልጠው። ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ስለሚሰፋ መርፌው የሚገባባት የብረት ሳህን ቀዳዳ ጠባብ ናት። መርፌው ወደ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝበት ባለ ዚግዛግ መኪና ግን ቀዳዳው ሰፊና ረዘም ያለ መሆን አለበት። ታዲያ ስስ የሆነ የጨርቅ ማዕዘን ስናስገባለት መርፌው ጨርቁን ይዞት ወደ ቀዳዳው ይሰምጣል፤ እኛ “መኪናው ጨርቁን በላው” የምንለው ይህንን ነው። በዚያ ላይ ብረቱ ከባድ ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ አይዘልም፣ ስፌቱም አይንቀጠቀጥም። በእግር ሲረገጥ ሁለቱም እጅ ነፃ ስለሚሆን ጨርቁን እንደ ልብ መምራት ይቻላል። ማዕዘን ላይ ስንደርስ ደግሞ አንዲት ስፌት ብቻ ሰፍተን ማቆም እንችላለን፤ በኤሌክትሪክ የሚሮጠው ርካሽ መኪና ግን ሲነሳ ዘሎ ነው የሚነሳው። በእጅ የሚዘወረው አንድ እጃችንን ስለሚይዝብን በዚህ በኩል ያንሳል፤ ሆኖም ቦታ ለሌላትና ሕፃን ለምታስተኛ ሴት ይበጃል።

ይህ የእኛ የድሆች ምርጫ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሲንጀር እ.ኤ.አ. በ1933 ያወጣት 221 የምትባል ትንሽ ጥቁር መኪና አለች። ክብደቷ አምስት ኪሎ ገደማ ነው፤ ቀጥ ካለ ስፌት በቀር ሌላ አትሰፋም። መሠራቷ ከቆመ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቢሆንም ቁርጥራጭ የሚገጣጥሙ የአሜሪካ ሴቶች እስካሁን አሮጌዋን እየፈለጉ ይገዛሉ። ሠላሳ ስፌት ያለውን መግዛት ሳያቅታቸው ማለት ነው። ይህቺን መኪና በእኛ ገበያ አታገኙ ይሆናል። የሻንጋይ ፋብሪካ የሚያወጣው የቢራቢሮ ምልክት ያለው ባተርፍላይ ግን የድሮውን የሲንጀር ቅርጽ ተከትሎ የተሠራ ብረት ነው፤ በብዙ የአፍሪካና የእስያ ገበያም ይታወቃል።

በእርግጥ ከመካከላችን አንዷ በዚህ አትስማማም። ነጩ መኪና ቀላል ነው ትላለች፤ የቁልፍ ቀዳዳ ይሠራል፣ ጠርዝ ይዘመዝማል፣ የሚለጠጥ ጨርቅም ይሰፋል። እውነቷን ነው። አገር ገብታ ልብስ የማደስ ሥራ ልትከፍት ለምታስብ እህት ዚግዛግ ያስፈልጋታል፤ እኛም አንከለክላትም። ድሪቶ ግን የቁልፍ ቀዳዳ የለውም። ለማይሠሩበት ሃያ ዘጠኝ ስፌት የሁለት ወር ላብ መክፈል ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን አላስረዳችንም።

ከሁሉ ይልቅ ግን እኛን ወደዚህ አሳብ ያመጣን ኤሌክትሪክ ነው። አንዲት እህታችን ከደመወዟ ቆጥባ አንድ የሚያምር መኪና ገዛች። የሁለት ዓመት ኮንትራቷን ጨርሳ አገር ስትገባ፣ እናቷ፣ ጎረቤቱና ልጆቹ ሁሉ ተሰብስበው እያዩ ሰካችው። መርፌው ሁለት ሦስት ጊዜ በኃይል ዘለለ፣ ከዚያ የተቃጠለ ጎማ ሽታ መጣ፣ አበቃ። ልጅቷ ዕቃውን እርሷ ያበላሸችው መስሏት ለቤተሰቡ ይቅርታ ስትጠይቅ ከረመች።

ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም። በሪያድ የቆዩ ቤቶች ውስጥ ሁለት ዓይነት ሶኬት ይገኛል፤ አንዱ ብዙዎች 110 የሚሉት 127 ቮልት ነው፣ ሌላው 220 ነው። የሳዑዲ መንግሥት ይህን ትቶ ወደ 230 ቮልት ለመሻገር የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2010 ስለሆነ ለአሮጌው ኃይል የተሠሩ ዕቃዎች በሰው ቤትና በአሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ አሉ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ለ110 የተሠራ ሞተር በ220 ሲሰካ ይቃጠላል። ስለዚህ መኪናውን ገልብጡና ሞተሩ ላይ ወይም ጎኑ ላይ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ፤ 220 ወይም 220-240 የሚል ከሌለበት ተዉት። ጎኑ ላይ ሄርዝ የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ የሳዑዲው 60፣ የእኛው 50 ነው። ይህ ለተራ የቤት ስፌት መኪና ሞተር ብዙም አያሳስብም፤ ገዳዩ ቮልቱ ነው። የሶኬቱ እግርም ይለያያል፤ የሪያዱ ሦስት ጠፍጣፋ እግር፣ የእኛው ክብ እግር ነው፤ እሱ ግን በትንሽ ማስተላለፊያ ይፈታል።

ደግሞስ መብራቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ሁልጊዜ ይኖራል ወይ? መብራት በሄደ ቁጥር ሥራ የሚያቆም መኪና ለሪያድ ቤት የተመረጠ እንጂ ለእኛ ቤት የተመረጠ አይደለም። ይኸው ነው ጭቅጭቃችን ሁሉ። ዕቃ ስንገዛ ዓይናችን የሚያየው አሁን የምናድርበትን ቤት ነው፤ ብርሃኑን፣ የእብነ በረዱን ወለል፣ ማዳም ክፍል ያለውን ዕቃ። መኪናው ግን የሚኖረው ሌላ ቤት ነው። የብረቱ መኪና መብራት አይጠይቅም፣ ሲበላሽም በየከተማው በረንዳ ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ያውቀዋል፤ መርፌውም ቀበቶውም ይገኛል። ካስፈለገ በኋላ ብዙዎቹ ላይ ትንሽ ሞተር መግጠም ይቻላል።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። ይህን የምንወደውን መኪና ከሪያድ ተሸክማችሁ ሂዱ አንልም። የብረቱ ራስ ብቻውን ከአሥር ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ እግሩና ጠረጴዛው ሳይቆጠር። በካርጎ ከላካችሁት የማጓጓዣውና የቀረጡ ነገር አለ። ከዚህም በላይ እኛ የማንረሳው ነገር አለ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2013) መንፉሃ ላይ የሆነውን፣ ከዚያም በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከዚህ አገር ሲመለሱ ያየነውን ታስታውሳላችሁ። ስንቱ የዓመታት ዕቃውን ጥሎ በአንድ ቦርሳ ገባ። ከዚያ ወዲህ እኛ ከባድ ዕቃ ሪያድ ላይ ገዝቶ አልጋ ሥር ማስቀመጥ ያስፈራናል።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ገንዘቡን ለዩትና አስቀምጡት፤ መኪናውን አገር ገብታችሁ መርካቶ ወይም በከተማችሁ በእጃችሁ ሞክራችሁ ግዙት። እዚህ ሳላችሁ ግን ጨርቁን ሥሩ። አንድ መቀስ፣ መርፌ፣ ክር፣ ማስመሪያና ከካርቶን የተቆረጠ መለኪያ ይበቃል። አንድ ሌሊት አምስት ቁራጭ ገጣጥሙ፤ በእጅ፣ ያለ ድምፅ፣ ማንንም ሳትቀሰቅሱ። ሥራው ረጅም በሆነበት ቀን ደግሞ ተዉት፣ እንቅልፍ ይበልጣል። የተገጣጠመው የላይ ጨርቅ ተጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ የአንድ ቀሚስ ያህል ቦታ ነው የሚይዘው፤ በድንገት “ነገ ትሄጃለሽ” ብትባሉም አብሯችሁ ይሄዳል።

ይህን ምክር አልፋችሁ እዚሁ መኪና የምትገዙ ከሆነ፣ መጀመሪያ ለማዳም ንገሯት። ከዚያ ፋቱራ ተቀበሉ፤ የመኪናውን ቁጥር፣ ቀኑንና ዋጋውን ያጻፈ ፋቱራ። ፎቶ አንስታችሁ ለቤተሰብ ላኩት። ወረቀቱን ከኢቃማችሁ ቅጂ ጋር አድርጉት። በምትወጡበት ቀን “ይህ የማን ነው?” ስትባሉ የሚመልስላችሁ ወረቀቱ ነው።

ሦስቱን ንብርብር አንድ ላይ የማያያዙን ነገር በአጭሩ እንለፈው፤ እርሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ላዩ የገጣጠማችሁት፣ ታቹ አንድ ወጥ ጨርቅ፣ መሃሉ ሙቀት የሚሰጠው ነው። ለመሃሉ ያረጀ ጋቢ የሚያህል የለም፤ አራት ድርብ ስለሆነ ራሱ ይበቃል። ይህን ሁሉ በተራ መኪና ለመስፋት መታገል አንመክርም። ከታች ያሉት ጥርሶች የታችኛውን ጨርቅ ብቻ ስለሚጎትቱ የላዩ ወደ ኋላ ይቀርና ይጨማደዳል። ላዩንም ታቹንም እኩል የሚጎትት ልዩ እግር አለ፣ ግን ዋጋ አለው። በእጅ ወጣ ገባ እያደረጉ መስፋት፣ ወይም በየመዳፉ ርቀት ወፍራም ክር አሳልፎ መቋጠር ይሻላል። መኪናው ይገጣጥም፣ እጅ ያያይዝ፤ እኛ እንዲህ ነው የምንሠራው።

አሁን አገር ገብታችሁ ሱቅ ፊት ቆማችኋል እንበል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ነጋዴው ቢያዋክባችሁም ቀስ በሉ። መጀመሪያ ክር ሳይገባበት መዘውሩን በእጃችሁ አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ወይም የሚንኳኳ ከሆነ ውስጡ ችግር አለ። መዘውሩ በዝምታ ከዞረ የታችኛው ክር የሚቀመጥበትን ክፍል ከፍታችሁ ዝገት እንዳለው እዩ። መርፌው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ በየሱቁ የሚሸጠው ተራው የቤት መኪና መርፌ፣ 130/705 የሚባለው፣ የማይገባበት ከሆነ በኋላ መርፌ ፍለጋ ትንከራተታላችሁ። ለስስ ጥጥ 80፣ ለወፈር ያለው 90 ቁጥር መርፌ ነው። የደረቀ ጥቁር ዘይት ካያችሁ አትደንግጡ፣ ይጸዳል። የምግብ ዘይት የተቀባ ከሆነ ግን ሙጫ ሆኖ ይይዘዋልና ዋጋ አስቀንሱ። ዘይቱ ነጭ የመኪና ዘይት ብቻ ነው።

ከዚያ ከቦርሳችሁ ሁለት ዓይነት ጨርቅ አውጡ፤ ስስ ነጠላ መሳይ ቁራጭና የጂንስ ቁራጭ። የሻጩን ጨርቅ አትቀበሉ፤ እርሱ መኪናው የሚወደውን መርጦ ነው የሚያስቀምጠው። መጀመሪያ ስሱን በሁለት ድርብ ከጠርዙ ጀምራችሁ ስፉ፣ መኪናው ይበላው እንደሆነ እዩ። ገልብጡትና ታቹን ተመልከቱ፤ ላይኛውና ታችኛው ስፌት አንድ መምሰል አለበት፣ ታቹ ክር የተዘባዘበ ከሆነ ሻጩ እንዲያስተካክለው ጠይቁ። ማስተካከል ካቃተው እናንተም ቤት አይስተካከልም። በመጨረሻ ጂንሱን በአራት እጠፉትና ቀስ ብላችሁ ርገጡ። መርፌው ካልተሰበረ፣ ስፌትም ካልዘለለ፣ ያኔ ዋጋውን ጠይቁ።